የእንግሊዝኛ ቃል በጥሬው ነውን ወይስ በፈሊጥ?

በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ላይ ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ቤት አያያዝ ብዙ ጊዜ ተጽፏል። እኛ ግን ዛሬ ከባሕር ማዶ በእንግሊዝኛ ተጽፎ የሚመጣ ደብዳቤ ወደ ቤት ስለሚያገባው ደስታና ኀዘን ጥቂት ለመጻፍ አስበናል። በዚህ ዘመን ልጁን ወይም ወንድሙን ወደ ውጭ አገር ያልላከ ቤት እየጠፋ ሄዷል፤ ደብዳቤውም በመጣ ጊዜ እንግሊዝኛ ያውቃል ወደሚባለው ሰው ይወሰዳል፤ ያም ሰው ቃሉን አንድ በአንድ እያወቀው ነገሩ ግን ሊያመልጠው ይችላል። ይህም በራሳችን ላይ ደርሷልና ሳንሸሽግ እንናገራለን።

የደምቢያ ወረዳ ከተማ ቆላ ድባ ከጎንደር ወደ ደቡብ ምዕራብ፥ ከጣና ባሕር በስተ ሰሜን፥ በሰፊው ሜዳ ላይ ያለች ናት። እኛም በዚያ በፍርድ ቤት ጸሐፊነት የምናገለግል ስለ ሆንን፥ ማመልከቻ ለማስጻፍ ከሚመጣው ባለ ጉዳይ ሌላ ደብዳቤ ለማስነበብ የሚመጣ ሰው አይታጣም። ከዕለታት አንድ ቀን ከከተማው ውጭ ካለ ደብር አንዲት እማሆይ መጡ። ልጃቸው ከባሕር ማዶ ሠርቶ የሚረዳቸው ነበር፤ ከታመመ ወዲህ ግን ድምፁን አልሰሙም። ወረቀቱን ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው ሰጡንና፥ «ልጄ፥ አንተ የፈረንጁን አፍ ታውቃለህ ይሉኛል፤ ልጄ ምን ሆኖ እንደ ሆነ እስቲ ንገረኝ» አሉን።

ደብዳቤውን የጻፈችው በሐኪም ቤት የምታስታምመው ነርስ ነበረች። ልጁ በጽኑ ታሞ ሁለት ሳምንት እንደ ሰነበተ ከገለጠች በኋላ፥ «ሂ ሃዝ ተርንድ ዘ ኮርነር» የሚል ቃል ጽፋለች። ተርን ማለት ዞረ፥ ኮርነር ማለት ማዕዘን እንደ ሆነ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ከተማርን ብዙ ዘመን ሆነን። ሁለቱ በአንድነት ሲሆኑ ምን እንደሚሆኑ ግን አላወቅንም፤ ከሁሉ የሚከፋው አለማወቃችንን አለማወቃችን ነው። ልባችን ወደ ቤተ ክርስቲያን ትምህርታችን ሄደ። ንጉሥ ሕዝቅያስ ለሞት በታመመ ጊዜ ፊቱን ወደ ግድግዳ እንዳዞረ በነቢዩ በኢሳይያስ መጽሐፍ በ38ኛው ምዕራፍ ተነግሯል። እንግዲህ ይህም ልጅ ወደ ማዕዘን ዞረ ማለት ከሰው ፊቱን መልሶ ሞቱን ይጠብቃል ማለት ነው ብለን ፈረድን። ከዚህ በኋላ የሚቀጥለውን መስመር ለማንበብ ዓይናችን አልታዘዘልንም።

«እማሆይ፥ እግዚአብሔር ያጽናዎት፤ ልጁ ፊቱን ወደ ግድግዳ መልሷል» አልናቸው። እርሳቸውም ሌላ ቃል አልጠየቁም። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወጡ፤ ወረቀቱም ከጠረጴዛችን ላይ ቀረ።

በዚያው ቀን ማታ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የምትማረው ልጃችን ደብዳቤውን አንሥታ አነበበችና፥ «አባዬ፥ የሚቀጥለውን መስመር አላነበብከውምን?» አለችን። የሚቀጥለው መስመር እሑድ ዕለት ጥቂት ሾርባ እንደ ቀመሰ፥ እናቱም እንዳትሠጋ ንገሩልኝ እንዳለ ይናገራል። «ፊቱን ወደ ግድግዳ የመለሰ ሰው ሾርባ ይጠጣል? ደግሞስ ወደ ማዕዘን ዞረ ለማለት ቢሆን ቱ የምትባለው ትንሽ ቃል ትኖር ነበር፤ እዚህ የለችም። እርሱ ማዕዘኑን ዞሮ አለፈው እንጂ ወደ ማዕዘኑ አልዞረም» ብላ መዝገበ ቃላቷን አመጣች። በኮርነር ሥር፥ ከትርጓሜዎቹ ሁሉ በታች፥ በትንሽ ፊደል እንዲህ ያለው አነጋገር ክፉው ጊዜ አልፎ ነገሩ ወደ መሻል ሲመለስ የሚነገር መሆኑ ተጽፎ አገኘን። መንገደኛ ከግንብ ማዕዘን ሲዞር ተሸሽጎ የነበረው መንገድ እንደሚገለጥለት ማለት ነው።

ጎሕ ሳይቀድ ወደ እማሆይ ደብር ገሠገሥን። ስንደርስ ጎረቤት ተሰብስቦ ለቅሶው ተጀምሯል። ከለቅሶ ቤት ገብቶ «ተሳስቻለሁ፤ ልጁ ተሽሎታል» ብሎ መናገር እንደ ምን ያለ ነገር እንደ ሆነ የደረሰበት ያውቀዋል። እማሆይ ከመሬት ወድቀው አምላካቸውን አመሰገኑ እንጂ አንድም ክፉ ቃል አልተናገሩንም። ከማዕዘን ተቀምጠው የነበሩ አንድ ሽማግሌ ግን፥ «የተማረ ሰው እንዲህ ከሆነ ያልተማረው ምን ይሁን?» አሉ፤ እኛም መልስ አልነበረንም። ወደ ቤታችን ስንመለስ በመንገድ ላይ ትዝ ያለን ደግሞ ሌላ ነገር ነው፤ ሕዝቅያስ ራሱ በዚያ ደዌ አልሞተም፤ 15 ዓመት ተጨምሮለታል። የጠቀስነውን መጽሐፍ እንኳ እስከ መጨረሻው አላሰብነውም ነበር።

ይህ ዐይነት ነገር የእንግሊዝ ቋንቋ ብቻ ክፋት እንዳይመስላችሁ። በአማርኛ ለታላቅ ሰው እጅ ነሣ ማለት ዝቅ ብሎ ሰላምታ አቀረበ ማለት ነው። አማርኛን ከመጽሐፍ የተማረ የውጭ አገር ሰው ግን እጅ ማለት የአካል ክፍል፥ ነሣ ማለት ከለከለ እንደ ሆነ ብቻ ዐውቆ፥ መኰንኑ ለንጉሡ እጅ ነሣ የሚለውን ቢያነብ፥ እጁን ከለከለው፥ ዐመፀበትም ብሎ ይተረጕመዋል። እጅ ሰጠ ማለት ደግሞ ተማረከ ማለት ነው። እንግዲህ በእኛ ዘንድ እጅ መስጠትም እጅ መንሣትም ለሌላው ዝቅ ማለት ሆኖ ይገኛል። እጅ አጠረው ያልን እንደ ሆነ ደግሞ የክንዱን ልክ ሳይሆን የኪሱን ባዶነት እንናገራለን። በፍርድ ቤታችንም መዝገቡ ተዘግቷል ሲባል፥ ባለ ጉዳዩ ዐልፎ ዐልፎ «እንግዲያስ ይከፈትልኝ» ብሎ ወደ ሣጥናችን ያመለክታል።

በቅኔ ቤት ሳለን ሰምና ወርቅ መለየትን ተምረናል፤ ይሁን እንጂ ፈሊጥ እንደ ቅኔ አይደለም። በመልካም ቅኔ ሰሙ ራሱን ችሎ ይቆማል፤ ወርቁን ያላገኘ ሰው እንኳ ሰሙን ሰምቶ ይሄዳል። በፈሊጥ ግን ሰሙ ከቦታው ላይ አይቆምም፤ ሾርባ በሚጠጣ ሕመምተኛ አጠገብ የግንብ ማዕዘን ምን ይሠራል? ስለዚህ እንግዳ ቃል ያገኘ ሰው አስቀድሞ በጥሬው ተርጕሞ ከተጻፈበት ቦታ ያስቀምጠው፤ ነገሩ ከጎረቤቱ መስመር ጋር ቢጣላ ፈሊጥ ሳይሆን አይቀርም። ሁለተኛም ቃሉን በወንድሙ ይለውጠው። እጅ ነሣ በማለት ፈንታ ክንድ ነሣ ቢባል ማንም እንደማይሰማው፥ ፈሊጥ የሆነ ቃል ሲለውጡት ይሞታል፤ በጥሬው የተነገረ ግን ቢለወጥም በሕይወት ይኖራል። ማዕዘኑ ባለቤት ያለው እንደ ሆነም ማየት ይገባል። ነርሷ የገበያውን ማዕዘን ወይም የቤተ ክርስቲያኑን ማዕዘን ዞረ ብላ ቢሆን በእግሩ ሄዷል ማለት ነበር፤ እርሷ ግን የምንን ማዕዘን እንደ ሆነ አልተናገረችም።

መዝገበ ቃላት ስላለን ይህ ድካም አያስፈልግም የሚል ሰው ይኖራል። በእውነቱ እርዳታው ብዙ ነው። ሚሲዮናዊው ኢዘንበርግ የአማርኛና የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት በሎንዶን ካሳተመ ከ180 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1841 ዓ. ም. ነበር። ከዚያም ወዲህ በ1973 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ቮልፍ ሌስላው ቃሉን ከነአገባቡ የሚያሳይ የእንግሊዝኛና የአማርኛ መዝገበ ቃላት አውጥቷል፤ አምሳሉ አክሊሉና ዳኛቸው ወርቁም የራሳችንን አነጋገር የአማርኛ ፈሊጦች በሚባለው መጽሐፋቸው ሰብስበውልናል። ነገር ግን መዝገበ ቃላት የሚረዳው ተጠራጥሮ ለሚከፍተው ነው። እኛ ተርንም ኮርነርም የምናውቃቸው ቃላት ስለ ሆኑ መጽሐፍ ለመክፈት ምክንያት አልነበረንም። ባልታወቀ ቃል ሰው አይሳሳትም፤ ይጠይቃልና።

ከዚያ ለቅሶ ወዲህ ደግሞ ወደ ሌላው ወገን ወደቅን፤ እንግሊዝኛው ሁሉ ፈሊጥ ይመስለን ጀመር። ለዚህም ማስረጃ የሚሆነው በቤታችን አጠገብ ስላለው ስለ ጣና ውሃ የተጻፈው ውል ነው። ዳግማዊ ምኒልክና የእንግሊዝ መንግሥት መልእክተኛ ጆን ሌን ሃሪንግተን ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ. ም. በአዲስ አበባ የኢትዮጵያንና የሱዳንን ወሰን ለመለየት ተዋዋሉ። በውሉ በ3ኛው ክፍል ላይ፥ በጥቁር ዓባይ፥ በጣና ባሕርና በሶባት ላይ ከእንግሊዝና ከሱዳን መንግሥት ጋር ሳይስማሙ እንዳይሠራ ስለ ተባለው ሥራ ሲናገር፥ እንግሊዝኛው ውሃው ወደ ዓባይ መውረዱን «አሬስት» የሚያደርግ ሥራ ይላል።

አሬስት የሚለውን ቃል በሥራችን ምክንያት ዕለት ዕለት እናውቀዋለን፤ ሰውን መያዝ፥ ማሰር ማለት ነው። ውሃ እንደ ሌባ አይታሰርምና ይህ በእርግጥ ፈሊጥ ነው አልን። ፈሊጥ ከሆነም ትርጓሜው ይሰፋል፤ ሰው ለአንዲት ሰዓት እንኳ ቢያዝ ተይዟል ይባላልና፥ ውሃውንም ለጥቂት ጊዜ መያዝ፥ በቦይ መውሰድ፥ እጅ ማሳረፍም ሁሉ የተከለከለ ይሆናል። ከባዕዳንም መካከል ይህን ውል ኢትዮጵያ በውሃዋ እንዳትሠራ ማገጃ አድርገው ሊያነቡት የሚወዱ አልታጡም። እኛም ሳናስበው የእነርሱን ንባብ አነበብንላቸው።

ነገሩ ግን ተገላቢጦሽ ነው። ቃሉ ከጥንታዊው ፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ የገባ ሲሆን የመጀመሪያ ፍቺው ማቆም ነው፤ ሰውን መያዝ የተባለውም የሚሄደውን ሰው ማቆም ስለ ሆነ ከዚያ የወጣ ነው። እንግዲህ በውሃው ላይ የተነገረው ጥሬው ቃል ሲሆን፥ በፍርድ ቤት የምናውቀው የርሱ ልጅ ሆኖ ተገኘ። ሐኪሞች ዛሬም ልብ መምታቱን ፈጽሞ ባቆመ ጊዜ በዚሁ ቃል ይጠሩታል፤ የልብ ምት ቢዘገይ ግን በዚህ ስም አይጠሩትም። ደግሞም እንግሊዝኛው «አክሮስ» የሚል ቃል ጨምሯል፤ ይኸውም ወንዙን ከወዲህ ዳር እስከ ወዲያ ዳር አቋርጦ ማለት ነው።

ለዚህ ሁሉ ፍርድ የሚሰጠው የአማርኛው ቃል ነው። ውሉ በሁለት ቋንቋ ተጽፎ ሁለቱም እኩል የታመኑ እንዲሆኑ ተወስኗል፤ አማርኛውም ወንዙን ተዳር እዳር የሚደፍን ሥራ ይላል። ደፈነ ማለት ቀዳዳ እንዳይቀር አድርጎ ዘጋ ማለት ነው፤ ይህን ለደምቢያ ገበሬ ማስረዳት አያስፈልግም። ከዚህ ቀደም ሁለት ጎረቤታሞች ስለ መስኖ ውሃ ተካሰው በቀረቡ ጊዜ የጻፍነው ቃል ትዝ ይለናል። ከሳሹ «ወንዙን ደፈነብኝ» አለ፤ ተከሳሹ «እኔ ጠለፍሁ እንጂ አልደፈንሁም» ብሎ መለሰ። ጠለፈ የሚለውን ቃል በፍርድ ቤት ሴትን በኃይል በመውሰድ ወንጀል፥ በቤት ደግሞ በቀሚስ ጥልፍ እናውቀዋለን፤ ለገበሬ ግን ከወንዙ ጥቂቱን ውሃ በቦይ ወደ ማሳው መመለስ ነው። አንድ እንግሊዛዊ ከወንጀል መዝገብ አማርኛ ተምሮ ወንዝ ተጠለፈ የሚለውን ቢያገኝ፥ እኛ በአሬስት እንደ ሆንነው ይሆን ነበር። የዚያ ክርክር ፍሬ ነገር ሁሉ በሁለቱ ቃላት መካከል ነበር፤ ሽማግሎች ወርደው ቢያዩ ውሃው ከቦዩ ተርፎ ወደ ታች ይወርዳል፤ ስለዚህ ተጠልፏል እንጂ አልተደፈነም ተባለ።

የመንግሥት ውልም በአንድ ቃል ምክንያት እስከ ጦርነት እንደሚያደርስ ኢትዮጵያ አስቀድማ አይታለች። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ. ም. በውጫሌ የተደረገው ውል በ17ኛው ክፍል አማርኛው ይቻላቸዋል ሲል ኢጣልያንኛው ግዴታ አድርጎ ስለ ጻፈው፥ ፍጻሜው በአድዋ ሆነ። ስለ ጣናም በ1918 ዓ. ም. እንግሊዝና ኢጣልያ ኢትዮጵያን ሳያማክሩ ደብዳቤ በተለዋወጡ ጊዜ፥ አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ለዓለም መንግሥታት ማኅበር አቤቱታቸውን አቅርበዋል። ዛሬ ዓባይ ከጣና በሚወጣበት በባሕር ዳር አጠገብ ውሃውን የሚመጥነው የጨራጨራ ግድብ ከ1988 ዓ. ም. ጀምሮ ቆሟል፤ ወደ ታችም ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ. ም. ተጀምሮ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ. ም. ተመርቋል። በሁለቱም ውሃው እየተመጠነ ያልፋል፤ የደምቢያ ሽማግሎች ወርደው ቢያዩት ምን እንደሚሉ እናውቃለን።

ወደ እማሆይ እንመለስና፥ ከአንድ ወር በኋላ ሁለተኛ ደብዳቤ ይዘው መጡ። በዚህ ጊዜ ወደ እኛ አልሰጡም፤ «ለልጅህ ስጣት» አሉን። ነርሷ «ሂ ኢዝ ባክ ኦን ሂዝ ፊት» ብላ ጽፋለች። በጥሬው ተመልሶ በእግሩ ላይ ነው ማለት ነው። ልጃችን ይህ ፈሊጥ ነው፥ ድኖ ወደ ቀድሞ ኑሮው ተመለሰ ማለት ነው አለች። እኛ ደግሞ ከአልጋ የተነሣ ሕመምተኛ በእግሩ መቆሙ የታወቀ ስለ ሆነ በጥሬው ነው ብለን ተከራከርን። ቃሉን በቦታው ብናስቀምጠው ይቆማል፤ ከጎረቤቱ መስመርም አይጣላም። እማሆይ ጥቂት ጊዜ ታገሡንና፥ «ልጆቼ፥ በየትኛውም ቢሆን ቆሟል አይደለም?» አሉ።

ልጃችን የሚቀጥለውን መስመር አነበበች፤ ያለ ምርኩዝ ከአልጋው እስከ መስኮቱ ተመላለሰ፥ በሚመጣውም ሰኞ ወደ ሥራው ይገባል ይላል። ስለዚህ እንደ ትርጓሜ መምህራን ልማድ ከወረቀቱ ግርጌ፥ «በእግሩ ቆመ፤ አንድም ዳነ» ብለን በአማርኛ ጽፈን ሰጠናቸው። እማሆይም ከነጠላቸው ጫፍ ቋጥረውት ሄዱ።